መኪናችን ስትተኩስ የከረመችበት በጋ

ባለፈው ሳምንት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ቀይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለ አንዲት አሮጌ መኪና ከጎኔ መጥታ ቆመች። መስኮቴ ክፍት ነበር። ሞተሯ ይንቀጠቀጣል፤ ከኋላዋ ያልነደደ የቤንዚን ሽታ ይወጣል፤ ጉሮሮ የሚከረክር፣ ሳንቲም የላሱ ያህል ምላስ ላይ የሚቀር ሽታ። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላዬ ያሉት ክላክስ እስኪያደርጉ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም። ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ተሰብስቦ የሆነ ነገር እስኪፈነዳ እየጠበቅኩ ነበር።

እንዲህ መጠበቅ የለመድኩት በስምንት ዓመቴ ነው። ዘመኑ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ማለቂያ አካባቢ ይሆናል። ሰፈሩ የዛሬው የሀበሻ ስሙ ገና አልወጣለትም፤ መንገዱ ላይ የሀበሻ ምግብ ቤት ገና መከፈት መጀመሩ ነበር። እኔ፣ እማዬና አባዬ ከካርቱም ከመጣን ዓመት ከምናምን ቢሆነን ነው። ከፌርፋክስ ገባ ብሎ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ተከራይተን እንኖራለን። አባዬ ዳውንታውን፣ ምድር ቤት በተሠራ ፓርኪንግ ውስጥ የሰው መኪና እየተቀበለ ፓርክ ያደርጋል። እማዬ ከኮረብታው ማዶ፣ በርባንክ፣ አንድ ትልቅ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አንሶላ ታጥፋለች። የአባዬ ሽፍት ከሰዓት በኋላ ስለነበረ ጠዋት ጠዋት በእኛው መኪና የሚያደርሳት እሱ ነበር። መኪናችን ቡናማና ትንሽ ናት፤ ወደ ሌላ ስቴት ከሄደ ተማሪ የተገዛች፣ የፊት መቀመጫዎቿ ተቀደው ፎጣ የለበሱ።

መተኮስ የጀመረችው ትምህርት ሊዘጋ ሲል ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን እየተመለስን ነበር። እማዬ ነጠላዋን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ይዛለች፤ እኔ ከኋላ ሆኜ በፀሐይ የጋለውን የመቀመጫ ፕላስቲክ ከእግሬ አላቅቃለሁ። ፒኮ የሚባለው መንገድ ላይ አባዬ መብራት አይቶ እግሩን ከነዳጁ ሲያነሳ ከኋላችን ድው አለ። ከዚያ የሆነውን በቅደም ተከተል አላስታውሰውም። መኪናዋ መንገድ መሃል ቆማለች፣ በሩ ተከፍቷል፣ አባዬ ክንዴን ይዞ ጎትቶ አውጥቶኛል፣ እኔ አስፋልቱ ላይ ነኝ፣ እሱ ከላዬ ነው። አስፋልቱ ጉንጬን ያቃጥለኛል። የአባዬ ልብ ጀርባዬ ላይ ይመታል። ከሥሩ ሆኜ የማየው የእማዬን ነጭ ጫማ ብቻ ነበር።

«መኪናው ነው» አለችው ዝግ ባለ ድምፅ። «መኪናው ነው እኮ። ተነስ።»

ተነሳ። ጉልበቱን አራገፈ፣ የኔንም አራገፈልኝ። መንገደኛው ቆሞ ያየናል። አባዬ ማንንም ሳያይ ቁልፉን ለእማዬ ሰጣትና በእግሩ ወደ ቤት ሄደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናዋ በቆመችበት በኩል እንኳን አያልፍም፤ ከቤት ሲወጣ ዞሮ በኋላ በር ነበር የሚሄደው። ሥራው ላይ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ ሲገባ ሲወጣ ይውላል፤ ግን ዳውንታውን የሚመጡት መኪኖች አዳዲስ ነበሩ፣ አይተኩሱም።

እኔ እማዬን አላመንኳትም። መኪና ሲተኩስ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ሰው እንደተኮሰብንና ትልልቆቹ እንደሚደብቁኝ ወሰንኩ። ያኔ ቴሌቪዥኑ የሚያወራው ስለ ተኩስ ነው፤ ዜናውን ለእማዬ የምተረጉምላት ደግሞ እኔ ነበርኩ። ሶ፣ ከተማው ውስጥ የሚተኩሱ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። ያላወቅኩት ለምን አባዬን እንደሚፈልጉት ነው።

እማዬ ላይሰንስ ነበራት፤ ፈጣኑን መንገድ፣ ፍሪወዩን፣ ግን ትፈራለች። አሁን ራሷ መንዳት ግድ ሆነባት። መኪናዋ በየሁለት በየሦስት ቀኑ ትተኩሳለች። በተኮሰች ቁጥር እማዬ መሪውን ጭምቅ አድርጋ ይዛ «ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም» ትላለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ አላውቅም። በመጨረሻ ጋሼ ውብሸትን ለመነቻቸው።

ጋሼ ውብሸት ከእኛ በታች ባለው ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። አገር ቤት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ፣ እዚህ ታክሲ ይነዳሉ። ረጅም ናቸው፣ ድምፃቸው ጎርነን ያለ፣ ያልተጠየቁትንም ማስረዳት የሚወዱ። የራሳቸውን መኪና ከሕንፃው ጀርባ ራሳቸው ስለሚጠግኑ ጎረቤቱ ሁሉ ያማክራቸው ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መኪናችንን አይተው ወደ ቤት ወጡ። እኔ መታጠቢያ ቤት ነበርኩ፤ በሩ ገርበብ ብሏል። ወጥ ቤት ሆነው ለእማዬ የነገሯትን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«አራት ናቸው» አሏት። «አንዱ ሞቷል። የቀሩትም ጠቁረዋል፣ ብዙ አይቆዩም። በዚህ ሳምንት አወጣቸውና በሌላ እንተካቸዋለን።»

እማዬም ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ለሱ አይንገሩብኝ» አለቻቸው። «ከሰማ ይረበሻል።»

ስለ ካንዴላ ነበር የሚያወሩት፤ ሞተር ውስጥ ገብታ ቤንዚኑን ስለምታቀጣጥለው፣ ከአመልካች ጣቴ ስለማትበልጠው ዕቃ። እኔ ምን አውቄ። ለእኔ አራት ሰዎች ነበሩ። የትኞቹ እንደሆኑም ወዲያው ታወቀኝ። መንገዱ ጥግ ላይ ጎማ የሚጠግን ቤት አለ፤ እዚያ በር ላይ ሣጥን ገልብጠው የሚቀመጡ አራት ሠራተኞች ነበሩ፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው በጎማ ጥላሸት የጠቆረ። በማግስቱ በእማዬ ቀሚስ ተከልዬ ሳልፍ ቆጠርኳቸው። ሦስት ነበሩ።

ከዚያ በኋላ መስኮት አጠገብ አልቀመጥ አልኩ። ሰኞ ትምህርት ቤት ተዘግቶ እማዬ ሥራ ሄዳለች፤ እኔን እሱ ሥራ እስኪገባ የሚጠብቀኝ አባዬ ነው። ሸሚዙን ለብሶ ሊወጣ ሲል፣ ከታች ጋሼ ውብሸት ጋ ሊያደርሰኝ እጄን ሲይዘኝ፣ እግሩ ላይ ተጠመጠምኩ። «አትሂድ» አልኩት። «አራት ናቸው። አንዱ ሞቷል። ሌሎቹ አሉ።»

ይስቃል ብዬ ነበር። ትልቅ ሰው ሲስቅ የፈሩት ነገር ያንሳል። አባዬ አልሳቀም። ተንበርክኮ ፊቴን በሁለት እጁ ያዘና «የት ነው ያየሻቸው?» አለኝ። ነገርኩት። ተነስቶ መጋረጃውን ዘጋ። ስልኩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ወንበር አምጥቶ ከበሩ ፊት ለፊት ተቀመጠ፣ እኔን ጭኑ ላይ አድርጎ። ያን ቀን ሥራ አልሄደም። ቤቱ ሙቀቱ ያፍናል፤ ከመጋረጃው ሥር የሚገባው ብርሃን ምንጣፉ ላይ ቀስ እያለ ሲሄድ አየዋለሁ። ከውጭ የእግር ኮቴ በተሰማ ቁጥር ክንዱ ይጠብቅብኛል። ስለዚህ እውነት ነው አልኩ ለራሴ። አባዬ ካመነው እውነት ነው።

እማዬ በአውቶቡስ ተመልሳ በሩን ስትከፍት ያገኘችን እንደዚያው ነው። መኪናዋን ጋሼ ውብሸት ጋ ትታት ነበር የሄደችው። እየተንተባተብኩ ነገርኳት። ወርዳ ጋሼ ውብሸትን ይዛቸው መጣች። እሳቸውም የወጡትን አራት ካንዴላዎች በጨርቅ ይዘው ገብተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሯቸው። ጫፋቸው ጥቀርሻ የለበሰ፣ አንደኛው በዘይት የራሰ። «እነዚህ ናቸው አራቱ፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። ጎማ ቤት ያለው አራተኛው ሰውዬም ታሞ ቀርቶ ኖሮ ከቀናት በኋላ ተመልሶ አየሁት። ግን ያን ቀን ያየሁት የአባዬ ፊት ከዓይኔ አልጠፋም። ካንዴላ መሆናቸውን ካወቀ በኋላም ወንበሩን ከበሩ ፊት አላነሳውም።

ጋሼ ውብሸት የመኪና ዕቃ መሸጫው ውስጥ ለእንዲህ ያለ ሞተር ሦስት ዓይነት ካንዴላ እንዳለ ነገሩን፤ ቀዝቃዛ፣ መካከለኛና ሞቃት። በመልክ አይለያዩም፤ ልዩነታቸው ጫፋቸው ሙቀት ይዞ የሚቆይበት መጠን ነው። የኛዎቹ የጠቆሩት ስለቀዘቀዙ ነው፣ ጥቀርሻውን አቃጥሎ የሚጥለው ሞቃቱ ነው አሉ። አባዬ በልጅነቱ ናዝሬት የአጎቱ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደገው። ጣቱን ሳያነካ ካንዴላዎቹን ትክ ብሎ አያቸውና «መካከለኛው አይሻልም ጋሼ?» አለ። ጋሼ ውብሸት ሞቃቱ እንደሚሻል ደግመው አስረዱት። አባዬ በዚያ ዘመን ከማንም ጋር አይከራከርም። «እንዳሉ» አለ።

ሞቃቶቹ ገቡ፤ መኪናዋም መተኮሱን ተወች። ጋሼ ውብሸት ደስ አላቸው፣ እማዬም አመሰገነቻቸው። ሌላ ነገር ግን ጀመረች። እማዬ ቤት ደርሳ ፓርክ አድርጋ፣ ቁልፉን አዙራ ስታወጣው ሞተሩ አይጠፋም። ቁልፉ እጇ ላይ ሆኖ መኪናዋ ብቻዋን ትንደቀደቃለች፣ ትንፈራገጣለች፣ ዳሽቦርዱ ይርገፈገፋል፤ ከዚያ እንደታነቀ ሰው አንድ ጊዜ ትንቀጠቀጥና ዝም ትላለች። እማዬ ታማትባለች። «ለአባትሽ እንዳትነግሪ» ትለኛለች። እኔ ቁልፍ ሳይኖር መኪና የሚያስነሳው ማን እንደሆነ አስብ ነበር። ከኋላ መቀመጫው ሥር ያለ የሆነ ነገር መሰለኝ። እግሬን አንጠልጥዬ ሳይሆን አጥፌ መቀመጥ ጀመርኩ።

በዚያ በጋ እማዬ ብዙውን ቀን ሥራ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ከአንሶላ ከረጢቶች ላይ እቀመጥና የበረኪናውንና የእንፋሎቱን ሽታ እየሳብኩ እውላለሁ። እዚያ ለመድረስ ሆሊውድ ጋ ፍሪወይ ገብቶ ኮረብታውን መውጣት ያስፈልጋል። አንድ በጣም ሞቃት ጠዋት ዳገቱ ላይ ሞተሩ ውስጥ ጠጠር እንደተጨመረበት ቆርቆሮ ኳኳኳ ማለት ጀመረ። እማዬ ነዳጅ በሰጠችው ቁጥር ይብሳል። ፍጥነታችን ቀነሰ። የጭነት መኪኖች በጎናችን ሲያልፉ መኪናችን እንደ ቅጠል ትወዛወዛለች። ከኮፈኑ ሥር የተቃጠለ ሽታ መጣ፤ እማዬ ወደ ዳር አወጣቻት።

ቁልፉን አጠፋች። ሞተሩ አልጠፋም። እንደሌላው ቀን ሦስት አራት ጊዜ ተንፈራግጦ ዝም የሚል መስሎን ጠበቅን፤ ጭራሽ እየጮኸ ሄደ። እማዬ ቁልፉን ነቅላ እጇ ላይ አየችው፣ መልሳ ከታችው፣ እንደገና ነቀለችው። ከዚያ «ውጪ» አለችኝ። በቀኝ በኩል ወጥተን ከብረቱ አጥር ማዶ፣ ደረቁ ሣር ላይ ቆምን። መኪናዋ ሰው ሳይኖርባት ስትንቀጠቀጥ እናያታለን። እማዬ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። እኔ አሁን ብቻዋን ተነስታ ትሄዳለች፣ ወይ ወደኛ ትመጣለች ብዬ ቀሚሷን ጨምድጄ ይዤ ነበር። በመጨረሻ አንድ ጊዜ ደረቅ ድምፅ አሰማችና ፀጥ አለች። ፀጥታው ደግሞ ከድምፁ ባሰብኝ።

የመጣልን ፖሊስ ነበር። ከሞተር ሳይክሉ ሲወርድ መጀመሪያ ያየሁት ወገቡ ላይ ያለውን ሽጉጥ ነው። እማዬ ሳንጠየቅ ወረቀቶቿን ሁሉ አውጥታ ዘረጋችለት፤ አንዱ ሣሩ ላይ ወደቀ፤ ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አንስቶ ሰጣት። መኪናዋ እስክትበርድ አብሮን ቆመ። ከዚያ መብራቱን እያበራ ከኋላችን ሆኖ፣ እየተንፏቀቅን ዳገቱን ጨርሰን ወርደን ነዳጅ ማደያ እስክንገባ አጀበን። እማዬ ከሕዝብ ስልክ ወደ ቤት ደወለች። አባዬ ነው ያነሳው። ሞተሩ አልጠፋ እንዳላት ብቻ ነገረችው። «አትንኩት፣ መጣሁ» አላት።

ሁለቱ በጋሼ ውብሸት መኪና መጡ፤ የሚነዳው አባዬ ነበር። ወርዶ ሁለታችንንም ነካ ነካ አድርጎ አየን፣ ደህና መሆናችንን ሊያረጋግጥ። ከዚያ ሳምንታት ሙሉ ሲሸሻት ወደከረመው መኪና ሄደ። ኮፈኑን ሲከፍት ፊቱ ላይ ላብ ነበር። ጋሼ ውብሸት መፍቻ አቀበሉት፤ አንዱን ካንዴላ ፈትቶ በጨርቅ ይዞ አወጣው። ጫፉ እንደ ጠመኔ ነጭቷል፤ ብረቱ ቀልጦ እንደ መርፌ አናት ያሉ ትናንሽ ፍሬዎች ሠርቷል። ጋሼ ውብሸት ካንዴላውን ጠጋ ብለው አዩት።

«የመረጥኩት እኔ ነኝ» አሉ።

አባዬ እሳቸውን አልወቀሰም። ጫፉ ከመጠን በላይ እየጋለ እንደ ፍም ሆኖ መቅረቱን፣ ቁልፉ ጠፍቶም ቤንዚኑን የሚለኩሰው ያ ፍም መሆኑን ለእማዬ ነገራት። መጀመሪያም ካንዴላዎቹን ያጠቆራቸው ቅዝቃዜ ሳይሆን በአቧራ የታፈነው የአየር ማጣሪያ ነው አለ። ይህን ሁሉ ሲናገር ድምፁ ረጋ ያለ ነበር። እኔ ጋሼ ውብሸት መኪና ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ በተከፈተው መስኮት እሰማለሁ። ስለ ካንዴላ ብቻ የሚያወራ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ካንዴላውን እጁ ላይ እያገላበጠ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ እንዲህ አለ፦

«የታሰርንበት ግቢ ውስጥ አንዲት የጭነት መኪና ነበረች። ማታ ሰው ጠርተው ሲያወጡ አስቀድመው እሷን ያስነሷታል፣ የጥይቱ ድምፅ እንዳይሰማን። ካንዴላዋ ግን የተበላሸ ነበር፤ ራሷም ትተኩሳለች። እኛ ውስጥ ሆነን የትኛው የሷ፣ የትኛው የጠመንጃ እንደሆነ አንለይም። ወንድሜን የጠሩት ለታ አንድ ጊዜ ነው የተሰማው። አንድ ጊዜ ብቻ። እስከ ዛሬ የመኪናዋ ነው እላለሁ።»

እማዬ ወንድሙ እንደጠፋ እንጂ አብረው ታስረው እንደነበር አታውቅም ነበር። ይህን ያወቅኩት ከፊቷ ነው። ጋሼ ውብሸት ባርኔጣቸውን አወለቁ። ማደያው ውስጥ አንድ ሰው መስታወቱን እያጠበ ያፏጫል፤ ቤንዚን ይሸታል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። እኔ ስለ አጎቴ መኖር የሰማሁት ያኔ ነው፤ ስለ ሞቱም እንዲሁ። ወይም ስላለመሞቱ። የቱ እንደሆነ ገና ልጅ ስለሆንኩ ያልገባኝ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ አባዬ ዕቃ መሸጫው ድረስ ይዞኝ ሄደ። ባንኮኒው ላይ ሦስቱንም ዓይነት አስደረደረና እያንዳንዱን አንስቶ ወደ ብርሃኑ አየ። ሻጩ ሞቃቱን ብዙ ሰው እንደሚወስደው ነገረው። አባዬ በተሰባበረ እንግሊዝኛው መካከለኛውን እንደሚፈልግ ተናገረ፤ ሻጩ ደገመ፣ አባዬም ደገመ። ያን ያህል ሲከራከር አይቼው ስለማላውቅ ሰውዬው የሆነ ነገር ያደርገዋል ብዬ ፈራሁ። ምንም አላደረገውም። መካከለኛዎቹንና የአየር ማጣሪያ በከረጢት አድርጎ ሰጠው።

ከሕንፃው ጀርባ፣ መኪናዋ ተጎትታ በመጣችበት፣ ራሱ ገጠማቸው። አንድ በአንድ፣ ከመክተቱ በፊት በጫፋቸው መካከል ያለውን ክፍተት በቀጭን ቆርቆሮ እየለካ። ሲጨርስ እማዬን ግቢና አስነሺ አላት። እኔን አጠገቡ አቆመኝ። እጄን ይዞ ነበር፤ እሷ ቁልፉን ስታዞር በጣም ጨበጠኝ። አመመኝ፣ ግን አልጮህኩም። ሞተሩ ተነሳ። ነዳጅ ስጪው አላት፤ ሰጠችው። እግርሽን አንሺ አላት፤ ድሮ የምትተኩሰው እንዲህ ስትሆን ነው። ትንፋሻችንን ውጠን ጠበቅን። ምንም። አጥፊው አላት፤ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩም አብሮ ጠፋ። ደግመሽ አስነሺ አላት። ስንት ጊዜ እንዳስደገማት አላውቅም። እሷም አንድም ጊዜ «በቃ አሁን» አላለችውም።

ቅዳሜ ጠዋት እሱ እየነዳ በርባንክ አደረስናት። ዳገቱ ላይ እሱ ሞተሩን ያዳምጣል፣ እኔ የአንገቱን ጅማት አያለሁ። ተመልሰን ቤታችን በር ላይ ሲያቆም ሞተሩን አላጠፋውም። መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቶ፣ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ያንን ወጥ የሆነ ድምፅ ይሰማል። ምን እየጠበቅን እንደሆነ ልጠይቀው ብዬ ወደፊት ጠጋ ስል አፉ ትንሽ ተከፍቶ፣ ጭንቅላቱ መደገፊያው ላይ ወድቋል። ተኝቷል። አባዬን እንቅልፍ ሲወስደው አይቼ አላውቅም ነበር፤ እኔ ስተኛ ነቅቶ ነው፣ ስነሳም ነቅቶ ነው።

በሩን ሳላስጮህ ወርጄ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። መኪናችን ከኋላዬ ዝም ብላ ትሠራለች። እኔ በፌርፋክስ በኩል ታጥፈው የሚመጡትን መኪኖች አንድ በአንድ አያለሁ፤ አሮጌ በመጣ ቁጥር ከተቀመጥኩበት እነሳለሁ፣ አጠገባችን ሲደርስ እንዳይተኩስ እየለመንኩ፣ አልፎ እስኪሄድ ድረስ።